«የልብ ፕሮፌሰር» ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ ሱሉልታ፣ ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠናል። ሁሉም የሚነኩት የልብ ሐኪምን የማስተማርና የምርምር ሕይወት ነው። የጠያቂዎቹን ስም ትተን፣ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። «የልብ ፕሮፌሰር ነው የምሆነው» ትላለች። ሐኪም 7 ዓመት እንደሚማር አውቃለሁ፤ ፕሮፌሰርነቱ ከዚያ በላይ ስንት ዓመት ይማሩታል? ወጪውስ የማን ነው?
አባት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ጌታዬ፣ ፕሮፌሰርነት ተምረው የሚመረቁበት ዲግሪ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምርለትና ለሚመራመርለት ሰው የሚሰጠው ማዕረግ ነው። ልጅዎ አንድም ቀን ፕሮፌሰር ሳትባል ጎበዝ የልብ ሐኪም ሆና ጡረታ ልትወጣ ትችላለች። የሕክምናው መንገድ ሌላ፣ የማዕረጉ መንገድ ሌላ ነው፤ ግማሹን ርቀት ግን ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ ወደ ሕክምና ለመመደብ የዚያ ዓመት ውጤትም ይታያል። ቀጥሎ መሠረታዊ ሳይንስ፣ ከዚያ ዋርድ፣ በመጨረሻ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ። ሲደመር ከ6 እስከ 7 ዓመት ይሆናል። የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ስታልፍ ጠቅላላ ሐኪም ናት። የአዋቂ ልብ ማከም ከፈለገች በውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት ልብ ከፈለገች በሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት (የስፔሻሊቲ ተማሪ ሐኪም) ትሆናለች፤ እንደ ፕሮግራሙ 3 ወይም 4 ዓመት ነው። ከዚያ በላይ የልብ ፌሎውሺፕ 2 ወይም 3 ዓመት ይጨምራል። ደረት ከፍቶ ቫልቭ የሚቀይረው ግን የልብ ቀዶ ሐኪም ነው። የእሱ መንገድ የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ሁለቱን ያምታታል።

ማዕረጉ ደግሞ ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ በመጨረሻም ወደ ፕሮፌሰር ያድጋል። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስፔሻሊቲውን የጨረሰ ሐኪም ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ይቀጠራል። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ እርከን ቢያንስ 4 ዓመት አገልግሎት፣ በዚያው ጊዜ የታተመ ጥናትና የማስተማር ምዘና ያስፈልጋል። እንግዲህ ልጅዎ በ18 ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ በ25 ጠቅላላ ሐኪም ትሆናለች። ሁለት ዓመት ሠርታ ሬዚደንሲ ብትገባ በ31 ስፔሻሊስት፣ በ33 ወይም በ34 የልብ ሐኪም ናት። ምንም ሳይደናቀፍ ቢሄድ ሙሉ ፕሮፌሰርነቱ 40 አካባቢ ወይም ካለፈ በኋላ ነው። በተግባር ከዚያም ይዘገያል፤ የሚያዘገየው ደግሞ ፈተና ሳይሆን ሳይጻፍ የሚቀር ጥናት ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዲግሪ በወጪ መጋራት ውል ነው። ሬዚደንሲ ላይ አብዛኛው ሰው በስፖንሰር ስለሚገባ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት የማገልገል ግዴታ ይፈርማል። የዓመቱ ቁጥርና ውሉ ቢፈርስ የሚከፈለው ገንዘብ በግልጽ መጻፉን አይታችሁ ፈርሙ። ልጅዎ አሁን ማድረግ የምትችለው? ባዮሎጂውን ማንም ሳይነግራት ታነባለች። የሒሳብ መጽሐፏ ውስጥ ያለውን የስታትስቲክስ ምዕራፍ ግን አትዝለለው።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ወደፊት የልብ ሐኪምና መምህር መሆን እፈልጋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ሆኜ ምርምር መጀመር እችላለሁ? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ዶክተር፣ ለሬዚደንሲ ከሁሉ የሚቀድመው የመግቢያ ፈተናው ስለሆነ ጊዜዎን እዚያ ላይ ያውሉ። ለምርምሩም ቢሆን የተሻለ ቦታ ላይ ነዎት። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች የሚያዩት ሕመሙ የጠናበትን ሰው ነው፤ መጀመሪያውን የሚያዩት እርስዎ ነዎት።

የልብ ምርምር በአፍሪካ የቆመው በመዝገብ ላይ ነው። በኬፕታውኑ ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ መሪነት የተሠራውና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የሩማቲክ የልብ ሕመም (ከቶንሲል ተነሥቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳው) መዝገብ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን ባሉ 25 ሆስፒታሎች 3,343 ሕሙማንን መዝግቧል፤ ኢትዮጵያም ነበረችበት። አዲስ መድኃኒት አልተፈተነበትም፣ አዲስ መሣሪያም አልነበረውም። ማን ታመመ፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ፔኒሲሊን ይወስዳል ወይ፣ ደም ማቅጠኛውስ በትክክል ይለካል ወይ ብሎ በአንድ ዓይነት ቅጽ ጠየቀ። ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች፣ ዕድሜያቸውም አማካዩ 28 መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ለእርስዎ የሚሆን አንድ ጥያቄ እንጠቁም። የሱሉልታ ከፍታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ የጤነኛ ሰው የደም ኦክስጅን መጠን በመጽሐፉ ከተጻፈው ዝቅ ይላል። አቃቂ ደግሞ ከሱሉልታ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በሁለቱ የከተማዋ ጫፎች የጤነኛ ሕፃናት የኦክስጅን መጠን ስንት ነው? ይህን ለመለካት የጣት መለኪያና ትዕግሥት ይበቃል። ጣቱ ከቀዘቀዘ ያሙቁት፤ ቁጥሩ ሳይዋልል አንድ ደቂቃ እስኪቆይ አይጻፉ። እንሶስላ የሞቀ ወይም ቀለም የተቀባ ጥፍር ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል የእግር ጣት ወይም የጆሮ ለምለሚት ይጠቀሙ።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይያዝ አንድም ካርድ አይገለጥ። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ፈቃድ ቢጠየቅ ገምጋሚ ቦርዱ አይሰጥም፤ መጽሔቱም የፈቃዱን ቁጥርና ቀን ይጠይቃል። ብቻዎን ፈቃድ ማግኘት ስለሚከብድ ፕሮፖዛሉን ከአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጋር በጋራ ያስገቡ።

ቀጥሎ የናሙና ቁጥር። 384ን የማያውቅ የአገራችን ቴሲስ ጸሐፊ የለም። 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.05 ስኩዌር ሲካፈል 384 ይመጣል፤ 10 በመቶ ሲጨመርበት 423። ይህ ቁጥር ትክክል የሚሆነው አንድን መቶኛ ብቻ ሲገምቱ፣ መቶኛው ወደ 50 ሲጠጋና ናሙናው በዕጣ ሲወጣ ነው። ሁለት ቡድን ለማወዳደር አይሆንም። ለብርቅ ሕመምም አይሆንም። በትምህርት ቤት ልጆች ላይ 2 በመቶ የሚጠብቁትን የቫልቭ ሕመም በ5 በመቶ ስህተት መለካት ውጤቱን ከዜሮ በታች ይወስደዋል። ስህተቱን 1 በመቶ ሲያደርጉት 753 ልጅ ያስፈልጋል። ልጆቹ በዕጣ የወጡት ክፍል በክፍል ከሆነ የአንድ ክፍል ልጆች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩን በ2 ያባዙታል፣ 1,506። 10 በመቶ ሲጨመር 1,657 ይሆናል። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

የቀን መቁጠሪያውን ነገር ሰው ይንቀዋል፤ እኛ ግን ካየናቸው ስህተቶች ሁሉ ክፉው እሱ ነው እንላለን። ካርዱ ላይ ያለው ቀን የኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ጥቅምት 30ን «30/2» ብለው ቢያስገቡ ኮምፒውተሩ አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና። ጳጉሜንንም አይቀበልም፤ 13ኛ ወር አያውቅም። እምቢ ማለቱ ደግ ነው፣ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። የካቲት 30ን «30/6» ብለው ሲያስገቡ ግን ጁን 30 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ታማሚው ከቀጠሮው ወራት የዘገየ ይመስላል። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በኛ አቆጣጠር መዝግቦ በመጨረሻ በአንድ ቀመር መለወጥ ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ መዋሉን ቀመሩ ማወቅ አለበት።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ደረቴን 3 ሰዓት ላይ ያዘኝ» ያለ ሰው የጠዋቱን ማለቱ ነው ወይስ የምሽቱን? ጸሐፊዋስ 3 ብላ የጻፈችው በኛ ነው በፈረንጅ? ደም ወሳጅ ቧንቧው በድንገት ለተዘጋበት ሰው የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የ6 ሰዓት ስህተት የዚያን ግማሽ ይበላል። ቅጹ ላይ «ሕመሙ ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነው?» የሚል ጥያቄ ይጨምሩና ሁለቱን ያስተያዩ።

ሌላው ትንሽ ነገር ስምዎ ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት ይጻፉት። «ፀ» ወይም «ጸ»ን በላቲን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚጽፍ ሰው በመረጃ ቋቱ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል። ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ነፃ ነው፤ ዛሬውኑ ያውጡት።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ልቡ ላይ ቫልቩ ተጎድቷል ተብሎ በየወሩ መርፌ ይወጋል። ክትትል በምናደርግበት ሆስፒታል ፕሮፌሰሩ ጥናት ውስጥ እንዲገባ ጠየቁኝ። በየዓመቱ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ደም ይወሰዳል አሉ። ልፈርም? እምቢ ብልስ ሕክምናውን ይከለክሉብናል?
እናት፣ ከሰበታ

መልስ፦ እህታችን፣ እምቢ ቢሉ ሕክምናው አይቋረጥም። ይህ ቃል በስምምነት ቅጹ ላይ በአማርኛ ወይም በሚገባዎት ቋንቋ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ካልተጻፈ አይፈርሙ። ከፈረሙ በኋላም በማንኛውም ቀን «ይቅርብኝ» ማለት ይችላሉ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፤ የእሱም እሺታ ግን መጠየቅ አለበት።

እነዚህን ይጠይቁ። ኢኮውን የሚከፍለው ማን ነው? ለጥናት ተብሎ የሚሠራ ምርመራ ከእርስዎ ኪስ ሊወጣ አይገባም። ከሰበታ የምንመላለስበት ትራንስፖርት ይታሰባል? ደሙ የት ይቀመጣል፣ ከአገር ይወጣል? የሚወጣ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ሊኖረው ይገባል። በኢኮው አዲስ ነገር ቢገኝ ለኛ ይነገረናል? ቅጹ ላይ የሥነ ምግባር ቦርዱ ስልክ አለ? የተፈረመውን ቅጽ አንድ ኮፒ ይዘው ይሂዱ።

እንዲህ ያለ ጥናት ምን ይጠቅማል ካሉ አንድ ምሳሌ እነሆ። በኡጋንዳ 818 ልጆች፣ ምንም ሳያማቸው በኢኮ ብቻ የቫልቭ ጉዳት የተገኘባቸው፣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ተወጉ፣ ግማሾቹ አልተወጉም። ከ2 ዓመት በኋላ ጉዳቱ የባሰባቸው ከተወጉት 0.8 በመቶ፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ነበሩ። ይህ የታወቀው ወላጆች ስለፈረሙ ነው። ቢሆንም የሚፈርሙት ለፕሮፌሰሩ ማዕረግ ብለው ወይም አፍረው እንዲሆን አንመክርም።

ስለ መርፌው አንድ ነገር እናንሣ፤ «በየወሩ» ብለዋልና። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ነው። ብዙ እናቶች ቀኑን በበዓል ይይዙታል፤ «በሚካኤል ነው የሚወጋው» ይላሉ። በየወሩ በ12 ሲሆን ልዩነቱ 30 ቀን ነው፣ ይኸው 2 ቀን ዘገየ። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ደግሞ ጳጉሜን ስላለች 35 ቀን ይሆናል፤ ያውም በክረምት፣ ልጆች ቤት ተፋፍገው ቶንሲል በሚተላለፍበት ጊዜ። ስለዚህ በወሩ ቀን ሳይሆን በሳምንቱ ቀን ይያዙት፦ በየአራተኛው ማክሰኞ። እንዲህ ሲሆን በዓመት 13 መርፌ ይመጣል፤ ካርዱ ላይ 12 ካዩ አንድ ዘለላችሁ ማለት ነው። ልጁ ሳይበላና ውኃ ሳይጠጣ አይወጋ፤ ተኝቶ ይወጋ፣ ከተወጋም በኋላ ጥቂት ይረፍ። ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እግሩ የሚያብጥ ከሆነ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ቫልቩ በጣም ለተጎዳ ልጅ በአፍ የሚወሰደው ፔኒሲሊን የሚመረጥበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ፣ የልብ ሐኪም። 9 የታተመ ጽሑፍ አለኝ፣ 6 ዓመት አገልግያለሁ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያስገባሁት ፋይል ተመለሰ። በ4 ጽሑፍ ያለፈ ባልደረባ አውቃለሁ። ምን ጎደለ?
ከለገጣፎ

መልስ፦ ፋይልዎን አላየንም፤ የነጥቡም አቆጣጠር በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ደንብ ይለያያል። ፋይል የሚመለስባቸው ምክንያቶች ግን የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የስምዎ ተራ ነው። ከ12 ጸሐፊዎች 7ኛ ሆኖ መቀመጥ የሚያስገኘው ነጥብ ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ሰውና ደብዳቤ የሚጻጻፈው ሰው የተሻለ ይያዝላቸዋል። ባልደረባዎ በ4ቱም የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቀን ነው። ረዳት ፕሮፌሰር ከመሆንዎ በፊት የታተመ ጽሑፍ ለዚህ እርከን አይቆጠርም። ፌሎውሺፕ ላይ በጥናት ፈቃድ የቆዩበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ ከአገልግሎት ዓመት ይቀነሳል። 6 ዓመት ያሉት 3 ወይም 4 ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ከሰው ሀብት የአገልግሎት ማረጋገጫ አስቀድመው ያውጡ። ሦስተኛው መጽሔቱ ነው። በ5 ቀን ተቀብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የገምጋሚ አስተያየት የማይልክ መጽሔት ለኮሚቴው ከባዶ አይሻልም፤ የሌሎቹንም ጽሑፎች ስም ያጎድፋል። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት እያለ ለማይታወቅ ድረ ገጽ ዶላር መክፈል አይገባንም። የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ብቻ የሚያቀርብ ጽሑፍም ከሙሉ ጥናት ያነሰ ነጥብ አለው፤ የልብ ሐኪሞች ፋይል ደግሞ በእሱ የተሞላ ነው።

ከዚያ የማይታዩት ወረቀቶች ይመጣሉ፦ የየመንፈቁ የተማሪዎች ምዘና፣ የባልደረቦችና የትምህርት ክፍል ኃላፊው ምዘና፣ ያማከሯቸው የሬዚደንቶች ቴሲስ ዝርዝር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ደብዳቤ። ሐኪም ሌሊት ዱቲ ያድራል፣ ጠዋት ራውንድ ይዞራል፣ ከሰዓት ኢኮ ይሠራል፤ ይህ ሁሉ በወረቀት ካልተያዘ ኮሚቴው አያየውም። ጃንሜዳ ለጥምቀት የሰጡት የመጀመሪያ እርዳታ ሳይቀር ደብዳቤ ይኑረው። በየመንፈቁ መጨረሻ አንድ ቀን መድበው ሰብስቡ፤ ከ4 ዓመት በኋላ የቀድሞውን ኃላፊ ፊርማ ፍለጋ መሄድ አታካች ነው።

መውጫ መንገዱ? ያማከሯቸው ቴሲሶች። ሬዚደንቱ ተመርቆ ሲሄድ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ፕሮፖዛሉ ሲጸድቅ ማን የት ተራ ላይ እንደሚጻፍ በወረቀት ይስማሙ፤ ሬዚደንቱ የመጀመሪያው፣ አማካሪው የመጨረሻውና ደብዳቤ ተቀባዩ። በ6 ወር ውስጥ ካልጻፈው ተራው እንደሚቀየርም ይግባ። ምንም ያልሠራ ኃላፊን ስም በአክብሮት መጨመር ግን የተለመደ ጥፋት ነው። ጸሐፊ የሚባለው በሐሳቡ ወይም በመረጃው የተሳተፈ፣ በመጻፍ ወይም በማረም የሠራ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀና ለይዘቱ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ነው፤ አራቱም ሊሟሉ ይገባል።

ሙሉ ፕሮፌሰርነት ላይ ሲደርሱ ጽሑፎችዎ ለውጭ ገምጋሚዎች ይላካሉ፤ ሴኔቱ አስተያየቱን ይዞ ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ ያቀርባል፣ የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። እነዚያ ገምጋሚዎች የሚፈልጉት አንድ መስመር ነው። አንዱ ጽሑፍ ስለ ደም ግፊት፣ አንዱ ስለ ስኳር፣ አንዱ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ከሆነ ቁጥሩ ቢሞላም «ይህ ሰው የምን ሊቅ ነው?» ይላሉ። ለምሳሌ የሩማቲክ ቫልቭ ኖሯቸው ልባቸው ያለ ሥርዓት የሚመታ ሕሙማን ላይ ከአዲሱ ደም ማቅጠኛ ሪቫሮክሳባን ይልቅ የዋርፋሪን ዓይነቱ መድኃኒት እንደሚሻል በ2022 እ.ኤ.አ. በ4,565 ሰዎች ላይ በታተመ ጥናት ታይቷል። እንግዲህ ዋርፋሪን እንደያዝን ነን። ከለገጣፎ፣ ከሰንዳፋ የሚመጣ ታማሚ የደም ቅጥነቱ መለኪያ (አይኤንአር) ከ2 እስከ 3 ውስጥ የሚቆየው ምን ያህሉን ጊዜ ነው? መለኪያው ሰፈሩ ቢኖርስ? ጾም ሲገባ ጎመን ሲበዛስ? ከዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ የ10 ዓመት ሥራ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በግል ክሊኒክ የፕሮፌሰር ካርድ ከስፔሻሊስት ካርድ ይወደዳል። ልብ ላይ ፕሮፌሰር ማየት ይሻላል?
ከጀሞ

መልስ፦ ማዕረጉ የሚነግርዎ ሰውየው ማስተማሩንና መጻፉን ነው፤ የእጁን ነገር አይነግርዎትም። ደም ግፊትዎን ለማስተካከል ጠቅላላ ሐኪም በደንብ ይበቃል። ሽቦ አስገብቶ ቧንቧ የሚከፍት ከተፈለገ በካት ላብ የሚሠራውን፣ ለልጅ ከሆነ የሕፃናት የልብ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ፕሮፌሰር ይሁን ረዳት ፕሮፌሰር ሁለተኛ ነገር ነው። ማንም ጋ ቢሄዱ የቆየውን ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ) እና የኢኮ ወረቀት፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ይያዙ። ለካርዱ ከጨመሩት ብር ይልቅ የዛሬ ሦስት ዓመት የተነሡት ኢሲጂ ሐኪሙን ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ኮሌጅ አዲስ መምህር ነኝ። ለ60 ተማሪ ኢሲጂ እንዳስተምር ተመደብኩ፤ ማሽኑ አንድ ነው። ስላይድ አሳይቼ ስጨርስ ማንም አልገባውም። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ስላይዱን ይተዉት። 60ውን በ10፣ በ10 ይክፈሉና ሦስት ጣቢያ ያዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ 20 ደቂቃ። በአንድ ሰዓት 30 ተማሪ ይዳረሳል፣ የቀረው ግማሽ በሁለተኛው ሰዓት።

አንደኛው ጣቢያ ማሽኑ ያለበት ነው። ተማሪ ተማሪን ያንሣ፤ ለሴት ተማሪዎች መጋረጃና ሴት ረዳት ይኑር። የደረት ኤሌክትሮዶች (ከቪ1 እስከ ቪ6) ቦታ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ቪ1ና ቪ2ን ከፍ አድርገው ሁለተኛው የጎድን ክፍተት ላይ ይለጥፏቸዋል፣ ወረቀቱም ያልነበረ የልብ ጉዳት ያሳያል። ጣታቸውን የደረት አጥንቱ ላይ ካለው ጉብታ ያስጀምሯቸው፤ በጎኑ ያለው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው፣ ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ክፍተት። ከዚያ ሦስተኛ፣ አራተኛ ብለው ይቁጠሩ፤ የቪ1ና የቪ2 ቦታ አራተኛው ነው። ቪ4 ከቪ3 በፊት ይለጠፍ፤ አምስተኛው ክፍተት ላይ፣ ከደረት አጥንቱ ወደ ትከሻው በሚሄደው አጥንት (ክላቪክል) መሀል ትይዩ። ቪ5ና ቪ6 በቪ4 አግድም መስመር ይሄዳሉ እንጂ የጎድን አጥንቱን ተከትለው አይወጡም። ጄል ካለቀ ጨው ውኃ የነካ ጥጥ ይሠራል። መስመሩ በደቃቅ እኩል ጥርስ ከተሞላ የመብራቱ 50 ሄርዝ ነው፣ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ያንሡ። ጥርሱ የተዘበራረቀ ከሆነ ሰውየው በርዶት ይንቀጠቀጣል፤ ያልብሱት።

እዚያው ጣቢያ ላይ ሆን ብለው የቀኝና የግራ እጅ ገመዱን ይለዋውጡና ወረቀቱን ያሳዩ። ሊድ 1 ይገለበጣል፣ ኤቪአር ወደ ላይ ይቆማል። ጎበዝ ተማሪ «ልቡ በቀኝ ነው» ይላል። ቪ6ን ያሳዩት፤ እሱ እንደ ወትሮው ከሆነ ልቡ ቦታው ላይ ነው፣ የተሳሳተው ገመዱ ነው።

ሁለተኛው ጣቢያ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ስምና የካርድ ቁጥራቸው የተሸፈነ 10 ኢሲጂ ፎቶ ኮፒ ያድርጉ። ምቱ እኩል ከሆነ 300ን በሁለት ምት መሀል ላሉት ትልልቅ ሣጥኖች ያካፍላሉ። እኩል ካልሆነ ግን ይህ ዘዴ ያሳስታል፤ በ25 ሴንቲ ሜትሩ ወረቀት ላይ ያሉትን ምቶች ቆጥረው በ6 ያባዛሉ፣ ወረቀቱ 10 ሰከንድ ነውና።

ሦስተኛው ጣቢያ ላይ አንዱ ተማሪ ያነባል፣ ዘጠኙ ያርማሉ፤ እርስዎ ዝም ይበሉ። ንባቡ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከፍጥነቱና ከካሊብሬሽኑ ነው፦ 25 ሚሊ ሜትር በሰከንድ፣ 10 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሚሊ ቮልት። ለፈተናው ካሊብሬሽኑ 5 ላይ ሳለ የተነሣ፣ የግራ የልብ ክፍሉ የወፈረ ሰው ወረቀት ይደባልቁ። የካሊብሬሽኑን ሣጥን ሳያይ ወደ ሞገዱ የዘለለ ሁሉ «ጤነኛ ነው» ብሎ ይጽፍልዎታል።